መስመሬን አልሳትኩም

ለማከብርዎትና ለምወድዎት ታላቅ ወንድሜ፣

እንዴት ሰንብተዋል፣ ወንድም ጋሼ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ደረጃ ሲወጡ አሁንም ያስቸግርዎታል ወይስ ተሻለው? ባለቤትዎ እትዬስ እንዴት ናቸው? ያ የትከሻ ሕመም ለቀቃቸው? ልጆቹስ? ትልቋ ፈተናዋን እንዴት አደረገች? ከሁሉም በላይ እማዬ እንዴት ናት? ትበላለች? እንቅልፍ ይወስዳታል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ጤናዬ ደህና ነው፣ ሥራዬ ደህና ነው፣ አእምሮዬም ደህና ነው። የመጨረሻዋን ሆን ብዬ ነው የጻፍኳት።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። አንዴ ቆሜ አነበብኩት፤ ምናልባት ቁጭ ብዬ ሳነበው ይለዝብ እንደሆነ ብዬ ደግሞ ተቀምጬ ደገምኩት። አልለዘበም። «ባልሽ ከሞተ ወዲህ መስመር ስተሻል፤ ያንን የልጅ መጫወቻ ለልጆች አከፋፍለሽ፣ ቤቱን አስረክበሽ እኛ ዘንድ ነይ» ይላል። ታላቅ ነዎት፣ ይናገራሉ፤ እኔም እሰማለሁ። የከነከነኝ ግን ሌላ ነው። ደብዳቤው እጄ ሳይገባ ለአከራዬ ስልክ ደውለው ቤቱን እንደምለቅ ነግረዋቸዋል። ሴትዮዋ በሬን አንኳኩተው እንኳን ደስ ያለሽ አሉኝ። ወደ ወንድምሽ ልትሄጂ ነው አሉ፣ ሁለቱን ክፍል ለእህቴ ልጅ ሰጥቻለሁ፣ ወሩ ሲያልቅ ትለቂልኛለሽ አይደል ሲሉኝ በእጄ የያዝኩት የማጣበቂያ ኮላ እግሬ ላይ ፈሰሰ። ከገዛ ቤቴ መውጣቴን ከሰው አፍ ሰማሁ። ወንድም ጋሼ፣ በዚህ በጣም ተናድጄብዎታለሁ። እንዲህ ብዬ ጽፌልዎት አላውቅም። አሁን ግን ጻፍኩት፣ አልሰርዘውም።

ወሬውን ማን እንዳደረሰዎት ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልገኝም። የአክስታችን ልጅ ሬዲዮ ናት። ቅጽል ስሙን ያወጡላት እርስዎ ራስዎ ሆነው ሳለ ያወራችውን ሁሉ እንዳለ መዋጥዎ ይገርመኛል። ለማንኛውም ነገሩን ከጅራቱ ስለሰሙት እኔ ከራሱ ልጀምርልዎት።

አምና የምሠራበት መጋረጃ ቤት አንድ ጡረታ የወጡ የዓይን ሐኪም ቤት ላከኝ፤ የመስኮት ልክ እንድወስድ። ሜትሬን ዘርግቼ መስኮቱ ላይ ተንጠራርቼ ሳለሁ በክርኔ ሥር ባቡር አለፈ። እውነቴን ነው! ዞር ስል ክፍሉን የሞላ ጠረጴዛ ላይ አንድ ሙሉ ከተማ ተዘርግቷል፤ ጣቢያው፣ ድልድዩ፣ ዋሻው፣ ከክር ማጠንጠኛ የማይበልጡ ፉርጎዎች የሚጎትት ባቡር። ምን እንደያዘኝ አላውቅም፤ የመስኮቱ ልክ ከጭንቅላቴ ጠፋ፣ እንደገና ለካሁ፣ እንደገና ጠፋ። ዶክተሩ ሳቁና ወንበር ሰጡኝ። መጋረጃውን ልሰቅል በተመለስኩ ጊዜ ጥያቄዬን ይዤ ነበር የሄድኩት። ሐዲዱ እንዴት ይገጣጠማል፣ ኤሌክትሪኩ በየት ይመጣል፣ ዳገት ይወጣል ወይ አልኳቸው። ሁሉንም አስረዱኝ። ምንም ነገር ከመግዛትሽ በፊት በወረቀት ላይ ንደፊው አሉኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። እሳቸውን ጎረቤቱ ሁሉ «ዶክተር ትርፍ ጊዜያቸውን እንዴት በጥበብ ያሳልፋሉ» ይላቸዋል። እኔ መጋረጃ ሰፊዋ፣ ባሏ የሞተባት፣ ያንኑ ሥራ ስሠራ ግን አበደች ተባልኩ። ልዩነቱ ምን እንደሆነ እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ።

ንድፉን ለመጋረጃ መቁረጫ የምንጠቀምበት ቡናማ ወረቀት ላይ ሠራሁት። የኋላውን ክፍል ወለል አልብሼ፣ በጉልበቴ ተንበርክኬ፣ በእርሳስ መስመር ስዘረጋ ሰነበትኩ። ሠርቼ አጠፋለሁ፣ አጥፍቼ እሠራለሁ። ኩርባው ጠበብ ካለ ባቡሩ ይወድቃል፤ ሰፋ ካለ ክፍሉ አይበቃም። እርስዎ መስመር ስተሻል ይሉኛል እንጂ በዘመዶቻችን መሃል ስለ መስመር እንደኔ የተጨነቀ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ።

ስህተት ሠርቻለሁ፤ አልክድም። ደግሞም መጋረጃ ሰፊ ካልሆነ ማንም የማይሠራው ስህተት ነው። በእኛ ሙያ ለስፌትና ለእጥፋት ትርፍ ሳይጨመርበት የሚቆረጥ ነገር የለም። እጄ ለምዶበት፣ የጠረጴዛውን ልክ ለአናጢው ስሰጥ በአራቱም ጎን ትርፍ ጨምሬ ሰጠሁት! እሱም እንዳልኩት ቆረጠው። ጠረጴዛው ሁለት ቦታ ተከፍሎ ገብቶ ውስጥ ሲገጠም በሩ ግማሽ ድረስ ብቻ የሚከፈት ሆነ። አናጢው ቆም ብሎ የሰጠሁትን ልክ ከንድፉ ወረቀት ጋር አስተያየና ገባው። እመቤቴ፣ እንጨት እኮ ወደ ውስጥ አይታጠፍም አለኝና እስኪያነባ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። መጋዙን አንስቶ ልቁረጠው ሲለኝ ግን ተወው አልኩት። በዚያ ትርፍ ላይ አንድ ሙሉ ሰፈር ሠራሁበት። ሱቅ አለው፣ ጸጉር ቤት አለው፣ በየመስኮቱ ከብጣሽ ጨርቅ የሰፋሁት መጋረጃ አለው። በንድፉ ላይ ያልነበረው ሰፈር ከሁሉም አማረ።

ባቡሩንና ሐዲዱን ገዛሁ፤ ተራራውን ከዕቃ ማሸጊያ ፎም ቀርጬ፣ ኮላ የጠጣ አሮጌ መጋረጃ አለበስኩት። ሣሩ ቀለም የነከርኩት የእንጨት ብናኝ ነው። ዛፎቹ ሽቦና የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ናቸው። ዳገቱን መጀመሪያ አብዝቼው ኖሮ ባቡሩ ግማሽ መንገድ ይወጣና ወደ ኋላ ይንሸራተታል። አፈረስኩት። ደግሜ ሠራሁ፣ አሁንም እምቢ አለ፤ ደግሜ አፈረስኩት። ተራራው መሃል፣ ባቡሩ ዋሻ ውስጥ ሲወድቅ ከሥር ገብቼ የማነሳበት ትልቅ ቀዳዳ አለ። ሬዲዮ የመጣችው እንግዲህ ባቡሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ዳገቱን ሊወጣልኝ ሲታገል ነው። በሩ አላስገባት ሲል ጭንቅላቷንና አንድ ትከሻዋን ብቻ አስገባች። ምን ታይ? ከተማ መሃል፣ ተራራ ላይ፣ አካል የሌለው የኔ ጭንቅላት ብቅ ብሎ ባቡሩን «ነይ የኔ ቆንጆ፣ ነይ ውጪ፣ አይዞሽ ትችያለሽ» ይላል። እውነት ለመናገር እኔም ብሆን እደነግጥ ነበር። ግን ሰው ከደነገጠ ምንድነው ብሎ ይጠይቃል እንጂ ሳይሰናበት ሄዶ ለዘመድ አዝማድ አያዳርስም። ለነገሩ ወጣች። ባቡሯን ማለቴ ነው። ያን ዕለት እንደ ልጅ ዘለልኩ፤ እንደዚያ ከዘለልኩ ስንት ዘመኔ!

ወደ አከራዬ ልመለስ። በማግስቱ ቤታቸው ሄጄ አልለቅም አልኳቸው። ስገባ በራሴ ቃል ነው የገባሁት፣ ስወጣም በራሴ ቃል እወጣለሁ፤ ወንድሜ ከዚያ ማዶ ሆኖ ሊያስወጣኝ አይችልም አልኩ። እሳቸውም ተከትለውኝ መጡና እስቲ ያ የሚወራለትን ልየው አሉ። በጎናቸው ገቡ። ባቡሩን አስነስቼ ከተማውን ዞሮ፣ ዋሻውን አልፎ፣ ዳገቱን ወጥቶ ጣቢያው እስኪቆም ድረስ አዩ። ከዚያ በልባቸው ደግነት አንድ ምክር ሰጡኝ። የባሌ መታሰቢያ ነው በያቸው፣ እሱ የጀመረውን ነው የምጨርሰው በያቸው፣ ማንም ደፍሮ አፍርሺው አይልሽም አሉኝ።

ወንድም ጋሼ፣ እውነታቸውን ነው። እንዲያ ብል ኖሮ እርስዎም ያዝኑልኝ ነበር፤ ሬዲዮም እንባዋን ጠርጋ ታወራልኝ ነበር። ግን ውሸት ነው። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ባቡር ሲያይ ያዛጋ ነበር። እሱ የሚወደው ኳስ ነው። ወድጄዋለሁ፣ አልቅሼለታለሁ፣ አሁንም አንዳንድ ጠዋት ሁለት ብርጭቆ አውጥቼ አንዱን እመልሳለሁ። እሱን ለማስታወስ ግን ባቡር አያስፈልገኝም። ይህ ጠረጴዛ የሐዘን አይደለም። ደስ ስለሚለኝ ነው የሠራሁት። ደስ ስለሚለኝ! ሴት ልጅ ለልጅ ወይም ለሙት ካልሆነ በቀር በገዛ እጇ ምንም መሥራት የለባትም ያለው ማን ነው? ለአከራዬም ይህንኑ ነገርኳቸው። አዩኝ፣ አዩኝና ሳቁ። ለእህቴ ልጅ ሌላ ቤት አይጠፋም፣ አንቺ ተቀመጪ አሉኝ። ስለዚህ ቤቱን አልለቅም፤ ጉዳዩ በዚህ አልቋል።

አሁን ደግሞ የተዉትን ነገር እኔ ላንሳው። የእትዬ ትከሻ መታመሙን አውቃለሁ። እማዬን የሚያነሳና የሚያስቀምጥ ሰው እንደቸገራችሁም አውቃለሁ። ይህ ግን ደብዳቤዎ ውስጥ የለም። ነይ እርጂን ቢሉኝ ልቤ ይራራ ነበር፤ እርስዎ ግን አብደሻልና እንጠብቅሽ አሉኝ። ቤት ሠራተኛ ሲፈልጉ እህትን በሽተኛ ማድረግ ምን የሚሉት ነገር ነው? ደብዳቤዎን ሳነብ ያለቀስኩት በንዴት ብቻ አይደለም፤ ከፍቶኝም ነው።

ባለፈው እሑድ እርስዎ በሌሉበት ደውዬ ከእማዬ ጋር አወራን። ሁሉንም ነገርኳት። ባቡሩ ምን ይጭናል አለችኝ፤ ባዶውን ነው አልኳት። ወዴት ነው የሚሄደው አለችኝ፤ ዞሮ ዞሮ እዚያው ይመለሳል አልኳት። ትስቃለች ብዬ ስጠብቅ አልሳቀችም። ምን እንዳለችኝ ልንገርዎት። «እኔስ ዕድሜዬን ሙሉ እንዲሁ አይደል የዞርኩት? ከማድ ቤት ጓዳ፣ ከጓዳ ማድ ቤት። ማዞሪያውን ግን ማንም በእጄ ሰጥቶኝ አያውቅም።» እኔ ብነካው ይበላሻል ወይ ብላም ጠየቀችኝ። ቢበላሽ እንጠግነዋለን አልኳት። እንግዲያውስ ልምጣ አለች።

ወንድም ጋሼ፣ እማዬን እኔ ዘንድ ይላኩልኝ። እኔ አልመጣም፤ እሷ ግን ትምጣ። የፊተኛውን ክፍል ለሷ አዘጋጅቻለሁ፤ ከአልጋዋ ሆና ፀሐይ ታገኛለች። የኔን ፍራሽ ከጠረጴዛው ሥር አስገብቻለሁ፤ ቁመቱ ይበቃል፣ ሞክሬዋለሁ። መጋረጃ ቤቱም ሥራዬን እቤት ወስጄ እንድሰፋ ፈቅዶልኛል። እትዬ ያርፋሉ፣ እርስዎም በኔ አይሰጉም። እምቢ የሚሉ ከሆነ ለኔ ሳይሆን ለእሷ ይንገሯት፤ ዓይኗን እያዩ ይንገሯት።

ባስቀየምኩዎት ቦታ ታናሽነቴን አስበው ይለፉኝ። ያልኩትን ግን አልመልሰውም።

ለእትዬ ትከሻቸውን ሳልነካ አቅፌ እንደሳምኳቸው ይንገሩልኝ። ድስት የሚያነሳ ካጡ የባላቸው ሁለት እጅ ጤነኛ እንደሆነ እኔ እመሰክራለሁ። ለትልቋ ልጅ በርቺ ይበሉልኝ፤ ፈተናውን ብታልፍም ባታልፍም አክስቷ ትወዳታለች። መንትዮቹን በየተራ ይሳሙልኝ፣ አለዚያ ይጣላሉ። ሬዲዮ ብቅ ካለች ባቡሩ ዳገቱን መውጣቱን ይንገሯት፤ ይህንንም ታዳርስልኝ።

ለእማዬ ግን ሰላምታዬን አያድርሱልኝ። እሷን ጣቢያ ቆሜ ራሴ እስማታለሁ።

አክባሪዎ እህትዎ

ከገዛ ቤቴ፣
የካቲት 9 ቀን