ቅዳሜን ሙሉ ስትጠብቅ የዋለችው

አንተ ዳይሬክተር፣ «ልብስ ሰፊዋ በሯን ስለዘጋችብን የፊልማችን ማስተዋወቂያ ትሬለር ቀረጻ ተስተጓጎለ» ብለህ ለክፍላችን ልጆች ሁሉ ስትጽፍ ትንሽ እንኳ አላፈርክም?

ልብስ ሰፊዋ አክስቴ ቀረጻው ቅዳሜ ሱቋ ውስጥ ነው ተባለች፣ ቅዳሜ ጠበቀች። ደንበኞቿን መልሳ፣ ለካሜራህ ቦታ እንዲሆን የስፌት መኪናዎቹን ወደ ጓዳ አስገብታ፣ «ከኋላ ትታያለሽ» ስላልካት የክት ልብሷን ለብሳ እስኪመሽ ተቀመጠች። አንተ ግን ፕሮግራሙን ወደ እሁድ አዛውረህ ለተዋናዮቹም ለካሜራማኑም በግሩፑ ላክህ።

እሷ ግሩፑ ውስጥ የለችም።

መደወል ለዳይሬክተር ክብር አይመጥንም መሰለኝ! እሁድ ሱቋ ዝግ እንደሆነ በሩ ላይ በትልቁ ተጽፏል። ማንበብ አያቅትህም። ግን ጥፋትህን እሷ ላይ ማላከክ ቀለለህ።

ዛሬ ጠዋት አንዱ የክፍላችን ልጅ ሱሪ ሊያሳጥር ሄዶ የጻፍከውን አሳያት። ደውላ «የኔ ልጅ፣ ምን አጠፋሁባችሁ?» አለችኝ።

የስፌት መኪናዎቹ አሁንም ጓዳ ናቸው፤ ላወጣላት ሄጃለሁ።

የካሜራው ባትሪዎች ቻርጀር ላይ ናቸው፣ ንቀላቸው። የቤታችን በር ቁልፍ እንደገና መያዝ ጀምሯል፤ ሳብ አድርገህ አዙረው።

ትልቁን ስኒህን የሰበርኩት እኔ ነኝ። ይቅርታ። አየህ፣ ጥፋትን ማመን አይገድልም።

ነገ አዲስ የቀረጻ ቀን ለመቁረጥ ስንሰበሰብ ጆሮዬ ሥር መጥተህ ይቅርታ እንዳትለኝ። መምህሩም ልጆቹም ባሉበት ቆመህ መልስ፦ ቀኑን የቀየረው ማን ነው? ለአክስቴስ ያልነገራት ማን ነው?