ለአንተ የከፈትሁት ድልድይ

አባዬ፣ አፈሩ ይቅለልህና ከተለያየን አምስት ዓመት አለፈ። አንተ እያልሁ ስጽፍልህ እንዳትቀየመኝ፤ አንቱ ስልህ እንግዳ ሆንሁብህ ወይ እያልህ ትቆጣ የነበርኸው ራስህ ነህ። መቃብርህ ድረስ እየመጣሁ ስንቴ ምንም ሳልነግርህ ተመለስሁ መሰለህ። በአፌ ብፈራ ነው ዛሬ ወረቀት የያዝሁት።

ቤቱ ደህና ነው። እናቴን ጉልበቷን ያማታል እንጂ ሌላ ክፉ ነገር የለም። በታችኛው ማሳ የተከልነው የደከረንስ ዛፍ በበሽታ ደረቀ፤ ለከሰል እንኳ ሳይደርስ ነቅለን ድንች ዘራንበት። ዳማው ፈረስህ አርጅቶ አጥር ጥግ ሲያንቀላፋ ይውላል፤ እኔ ስጠጋው ግን ፊቱን ያዞርብኛል። ፈረስ ቂም ይይዛል ስትለኝ እስቅብህ ነበር። የቀበሌ ሊቀ መንበርነቱንም ከተውሁት ቆየሁ።

ኮሮና የገባ ጊዜ፣ አዋጁ ሲታወጅ፣ ማኅተሙም ሚሊሻውም በእኔ እጅ ነበር። በዚያው ሰሞን የጎረቤታችን የአያ ፈንታ ሚስት፣ እትዬ ይመኙ፣ አረፈች። አገራችን ሬሳ ዝም ብሎ እንደማይቀብር አንተ ታውቃለህ፤ ፈረሰኛው ከየአቅጣጫው ተጠራርቶ፣ ፈረሱን ሸልሞ፣ እየጋለበ ያለቅሳል። መመሪያው ደግሞ ጥቂት ሰው ቀብሮ ይበተን ይል ነበር። እኔም ወደ ልቅሶው ሜዳ የሚያሻግረው ድልድይ ላይ ቆሜ ፈረሰኛውን ሁሉ መለስሁ። የፈረሰኞቹ ማኅበር ሰብሳቢ ነበርህና ከፊት የመጣኸው አንተ ነህ። ከዳማው ወረድህ፣ ልጓሙን ይዘህ እየሳብህ በእግርህ ወደ ቤት ተመለስህ። አያ ፈንታ ግን ሚስቴን እንደ ውሻ አልቀብርም ብሎ ቢጮህ አሳሰርሁት። ፍርድ ቤት ሳይቀርብ አምስት ቀን ጣቢያ ሰነበተ። እሱ ታስሮ እሷን አራት ሰው ቀበራት፤ ሠልስቷም ያለ እሱ ዋለ።

ወር ሳይሞላ አንተ ታመምህ፣ በሦስተኛው ቀንም አረፍህ። አዋጁ ያው፣ መመሪያው ያው፣ ድልድዩም ያው። ያን ቀን ግን ሚሊሻዎቹን ዞር በሉ አልኋቸው። ከአዘና ሳይቀር ፈረሰኛ መጥቶ ሜዳው ጠበበ። አለቀስሁ፤ እግዜር ይይልኝና ኮራሁም። በሰው ሲደርስ ነግ በኔ ያላለ ሰው፣ የራሱ ሲደርስበት አለቃቀስ ያውቅበታል! አያ ፈንታም መጥቶ ነበር። የሚስቱን ጥቁር እንደለበሰ ፈረሱን እየጋለበ አለቀሰልህ። አላየሁትም አልልም፤ አይቼው ፊቴን አዞርሁ።

ኋላ ከሰሰኝ። ጉዳዩ በቀጠሮ ሲንከባለል እዚህ ደረሰ። የከሰሰኝ አዋጁን ለምን አስከበርህ ብሎ አይደለም። በሽታው እውነት ነበር፣ እኛም ሰው እንዳያልቅ ፈርተን ነው፤ በእሱስ አላፍርም። እሱ የሚለኝ፣ ዳኛ ሳያየኝ ለምን አሰርኸኝ፣ ለሚስቴ የዘጋኸውን ድልድይ ለአባትህ ለምን ከፈትኸው ነው። እኔም ዋሸሁ። ፖሊስ ቃሌን ሲቀበለኝ፣ አባቴን የቀበርነው እኛ ቤተሰቡ ብቻ ነን፣ አንድም ፈረስ አልመጣም ብዬ ፈረምሁ። ልቅሶህን ካድሁት፣ አባዬ። እናቴ ይህን የሰማች ዕለት ሳህኔን አስቀምጣልኝ ወጣች፤ እስካሁንም ደህና አድርጋ አታየኝም።

ጠበቃዬ ጸንተህ ካድ ይለኛል፤ ያኔ ፎቶ ያነሳ ሰው የለም። ፈረሰኞቹም የሰብሳቢያችንን ልጅ አናሳስርም ብለው ምስክርነቱን ሸሹት። እነሱ ስለ አንተ ክብር ዝም አሉ፣ እኔ ደግሞ በዝምታቸው ተደበቅሁ። ሽማግሌ ልከህ ታረቅ የሚሉኝም አሉ። ሽማግሌው ምን ይዞ ይሂድልኝ፣ ውሸቴን? አያ ፈንታ በመንገድ ሲያገኘኝ ዛሬም እናትህ እንዴት ናት ይለኛል። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ነገ ቆሰበር ፍርድ ቤት እቀርባለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ብዙ መዘጋጀት አልፈልግም፤ የምለው አጭር ነው። የፈረምሁት ውሸት ነው፤ አባቴን አገር ቀበረው፣ የአያ ፈንታን ሚስት አራት ሰው ቀበራት፣ ሁለቱንም ያደረግሁት እኔ ነኝ እላለሁ። ብታሰር ለእናቴ ድንቹን እህቴ ታወጣላታለች፤ ነግሬያታለሁ። በነጻ ብለቀቅም ዳማውን ይዤ የእትዬ ይመኙ መቃብር ድረስ እሄዳለሁ፣ አያ ፈንታ ከፈቀደልኝ።

አባዬ፣ አልረሳህም። ሰው ሁሉ አንተን የሚያነሳህ በፈረስህ ላይ ሆነህ ነው። እኔ ግን እስክሞት የማስታውስህ ከዚያ ድልድይ ፈረስህን እየሳብህ በእግርህ ስትመለስ ነው።

ልጅህ