የሞተርህ ፍሪሲዮን

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣

ናፍቆታችን እንዳለ ሆኖ፣ ሰላምታችን ባለህበት ይድረስህ። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። አባባም ደህና ነው።

የኮረኮንች ሞተርህ፣ ማርሽ ሲቀየር የሚጨበጠው የፍሪሲዮኑ ገመድ ላልቶ ነበር። የመፍቻ ሳጥኑን አንተ ይዘኸው ስለሄድክ አባባ፣ «ለዚች ደግሞ ምን መፍቻ ያስፈልጋል!» ብሎ እጀታው ስር ያለችውን ክብ ብሎን በጨርቅ ይዞ በጣቱ እያዞረ ገመዱን ወጠረው። በመጨበጫው ስር ሳንቲም የምታስገባ ክፍተት ተወ፤ እንደምታውቀው ልኩ እሷ ናት።

ሲጨብጠው ግን ፊቱ ተለዋወጠ። «ገመዱ ደርቋል» አለ። ዘይት አጠጣነው። አሁንም በሁለት እጁ ታግሎ፣ «እስቲ አንቺ ሞክሪው» አለኝ። በሁለት ጣቴ ስስበው ሰተት ብሎ መጣ።

«እውነትህን ነው አባባ፣ ድንጋይ ሆኗል» አልኩት።

«አላልኩሽም!» ብሎ መልሶ አላላው። ሰሞኑን የሸሚዙ ቀዳዳዎችም ጠበዋል ይላል፤ ቁልፎቹን እኔ ነኝ የምቆልፍለት።

ስትመጣ ሞተሩን እንዳለ እንዳትነዳው፤ ማርሽ ስታስገባ ይዘልብሃል። መጀመሪያ አጥብቀው። ብቻ አባባ ሳያይህ ይሁን።

ደግሞ ብዙ አትቆይ። ዓይንህን ለማየት ያብቃን።

ታናሽ እህትህ