ኖኅን ከወይዘሮ የኔነሽ አውድማ ስለማስነሣት

ለክቡር አቶ ዓለምነህ
የኖኅ መርከብ ማረፊያ አልሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ቀይ አፋፍ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤናን፣ ለቤተሰብዎ ሰላምን፣ መርከቡን ፍለጋ አቀበት ሲወጡ ሲወርዱ ለተጎዳው ጉልበትዎ ደግሞ ፈጣን ምሕረትን እመኛለሁ። እኔ ከጨጓራዬ በቀር ደኅና ነኝ፤ እርሱም ኮሚቴዎ ከተቋቋመ ወዲህ የጀመረኝ ስለሆነ የልማቱ አካል አድርጌ ይዤዋለሁ።

እንደሚያስታውሱት ታሪክ ያስተማርሁዎት እኔ ነኝ። ምንጭ ሳትጠቅስ አትጻፍ እያልሁ ያሰለቸሁዎትም እኔው ነኝ። ትምህርቴ ባክኖ እንዳልቀረ ያወቅሁት በወይዘሮ የኔነሽ አውድማ ዳር ያስተከሉትን ሰሌዳ ሳነብ ነው፦ «የኖኅ መርከብ ያረፈበት ሥፍራ። በመምህር ተሻገር ገብረ ማርያም ጥናት የተረጋገጠ።» ምንጭ ጠቅሰዋል። ምንጩ እኔ ነኝ። ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ከሥሩ ላስረዳ። ወይዘሮ የኔነሽ ባለቤታቸው ያረፉባቸው፣ ከእኔ ቤት በታች ያለችውን ትንሽ መሬታቸውን እያሳረሱ የሚኖሩ እናት ናቸው። በአውድማቸው ዳር ጫፉ የተበሳ ረጅም ድንጋይ ተጋድሟል። ኮሚቴዎ ይህን አይቶ መርከቡ የታሰረበት ድንጋይ ነው አለ። እዚህ ላይ ዝም ማለት ይቻል ነበር። ሁለተኛ ዲግሪ የያዘ ሰው ግን ሁሉን ሲማር ዝም ማለትን አይማርም። ስለዚህ ቅሬታዬን በቁጥር ከፋፍዬ በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ኮሚቴዎ በጠራው የመጀመሪያ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ ድንጋዩ ደወል መሆኑን አስረዳሁ። ቤተ ክርስቲያናችን ወደ አሁኑ ቦታው ሳይዛወር በፊት እዚያ አፋፍ ላይ ነበር፤ እንደ አካባቢያችን ልማድ በጠፍር ተንጠልጥሎ በሌላ ድንጋይ የሚመታ ደወል ነበረው፤ ሲሰነጠቅ እዚያው ተጥሎ ቀረ። ድምፁን የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ዛሬም አሉ። እርስዎም አጨበጨቡልኝ። ኖኅ መርከቡን ሲሠራ ሠራተኞቹን በደወል ይጠራ እንደነበር አባቶች ይተርካሉ ብለውም ግኝቴን በደስታ ተቀበሉ። ድንጋዩን ብቻ ከብቦ የነበረው አጥር በማግስቱ የአሮጌውን ቤተ ክርስቲያን ቦታ፣ ማለትም አውድማውን በሙሉ፣ ጨምሮ ሰፋ።

፪. ይህ ትምህርት አልሆነኝም። በሁለተኛው ስብሰባ መጽሐፍ ቅዱሱን ይዤ መጣሁና መርከቢቱ በአራራት ተራሮች ላይ እንዳረፈች ጮክ ብዬ አነበብሁ። ከኮሚቴዎ አባላት አንዱ ግን «ጋሼ ተሻገር፣ በውኃ መሀል ያለ ሰው የቱ ተራራ ላይ እንደቆመ በምን ያውቃል? እንኳን ኖኅ፣ እርስዎም በጉም መሀል ከንፋስ መውጫ ከተማ ሲመለሱ የሰው ግቢ ገብተው አልነበር?» አለኝ። ገብቼ ነበር። ሕዝቡ ሳቀ፤ ሳይንሳዊው ክርክርም በዚሁ ተዘጋ።

፫. በሦስተኛው ስብሰባ ስለ አለቱ ተናገርሁ። ኮረብታችን ከእሳተ ገሞራ የወጣ መሆኑን፣ የባሕር ቅሪት የሚባል ነገር እንደሌለበት፣ ተሰብሳቢው አንድ በአንድ ሹልክ እያለ እስኪወጣ ድረስ ዘርዝሬ አስረዳሁ። ከዚያ ሁሉ ንግግር ሰሌዳው ላይ የተረፈው ስሜ ብቻ ነው።

በኖኅ ላይ ጠብ ያለብኝ እንዳይመስልዎ። እጾማለሁ፤ አስቀድሳለሁም። ርግቧ ቅጠል ይዛ ስትመለስ ሳነብ ዛሬም ሆዴ ይባባል፤ ለዚያ ደግሞ የድንጋይ ምስክር አስፈልጎኝ አያውቅም። ሆድ የሚያባባ ነገር ሁሉ በእኛ ቀበሌ ተፈጽሟል ማለት ግን ታሪክ አይደለም። መሪጌታ ወልደ ሰንበት በሰሌዳው ምረቃ ላይ እንዲመሰክሩ ሲጠየቁ «እኔ የማስተምረው ቅኔ ነው፤ ድንጋይ አላስተምርም» ብለው ቀሩ። እኔም እንዲህ ብዬ መቅረት ነበረብኝ።

፬. ይህ ዋናው ነው፤ ከላይ ያለውን ቢዘሉት እንኳ ይህን ያንብቡልኝ። የወይዘሮ የኔነሽ ገብስ ታጭዶ ከአጥርዎ ውጭ ተከምሯል። አውድማ በአንድ ቀን የሚሠራ ነገር አይደለም፤ ነፋስ የሚያገኝ ቦታ ይፈልጋል፤ በየዓመቱ በእበት እየተለቀለቀ ነው የሚጠነክረው። ማሳ ላይ ይውቁት ቢባል እህሉ ከአፈር ይቀላቀላል። ሰሞኑን ደግሞ በስማዳ በኩል ያለ ወቅቱ ደመና እየቋጠረ ነው። ክምሩን ዝናብ ካገኘው ገብሱ እዚያው ይበቅላል፤ ሴትዮዋ ከእርሱ ሌላ የዓመት ቀለብ የላቸውም። ላጽናናቸው ብሄድ እንዲህ አሉኝ፦ «አንተ ልጄ፣ መጀመሪያ የፈለጉት ድንጋዩን ነበር፤ ውሰዱት ብያቸው ነበር። አንተ አፍህን የከፈትህ ቀን አውድማዬ ሄደ። በል እንግዲህ፣ ደግሞ እንዳትከራከርልኝ፤ የቀረኝ ቤቴ ብቻ ነው።»

ስለዚህ ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርሁትን ወደ ጎን ትቼ በእርስዎ መንገድ እለምንዎታለሁ። ይሁን፤ መርከቢቱ እዚያ ዐርፋለች። ደወሉም የኖኅ ነው። ከመርከቢቱ የወጣው ሰው ግን፣ መጽሐፉ እንደሚለው፣ ገበሬ ሆነ። ገበሬ ደግሞ በመከር ጊዜ የሰው አውድማ አያጥርም። ለሥፍራው ክብር ሲሉ፣ ኖኅን ላለማሳፈርም ሲሉ፣ ገብሱ እስኪገባ ድረስ አጥሩን ያንሡላቸው። ይህን ዓይነት ማስረጃ ያመጣብኝን ተማሪ ያለ ርኅራኄ ነበር የምጥለው። እርስዎ ግን ከእኔ ይልቅ ቸር ስለሆኑ እንደሚያሳልፉኝ አልጠራጠርም።

ለቀበሌያችን ያላሰበችውን ጥንታዊነት፣ ለእኔም ያልሠራሁትን ጥናት ስላበረከቱልን ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ በፍጹም አክብሮት እሰናበታለሁ።

የቀድሞ መምህርዎ፣ የአሁኑ ማስረጃዎ
ተሻገር ገብረ ማርያም

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ሳልልከው ወይዘሮ የኔነሽ የአጥሩን አንድ ወገን አንሥተው በሬዎቻቸውን አስገቡ፤ ማበራየትም ጀምረዋል። ነጂ አንሷቸው እኔን ጠርተውኛልና አጥር በማፍረስ የሚከሱ ከሆነ የሁለት ሰው ስም ይጻፉ። በዚህ መሀል ጎብኚ ቢመጣብዎ አይደንግጡ፤ በሬዎቹ ከመርከቡ የወጡ ናቸው ይበሉት። እኔ አልከራከርም።