የአባቴን ፊት ከፎቶ ስላዳነው ዱላ

ለተከበሩ አቶ ፍሬአብ ፈለቀ፣
የጽድ አምባ ቤተ መዘክር ኃላፊ፤

ክቡርነትዎ ከነቤተሰብዎ፣ ከነዘበኛዎና ከነዱላው እንደምን ሰንብተዋል? እኔ የግራ እጄ አንጓ ከሁለት ቦታ ከመሰበሩ በቀር ለክፉ የሚሰጥ ነገር አላገኘኝም። የምጽፈው በቀኝ እጄ ነውና፣ የትኛውን እጅ እንደሚመታ ሳይጠይቀኝ ግራውን ለመረጠልኝ ለዘበኛዎ ለአቶ አወቀ ምስጋናዬን ያድርሱልኝ።

ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ እንዲያነበው በግልጽ ስለምጽፍ፣ ማንነቴን ልናገር። የዘመሮ መምህርት ፀደንያ ወዳጆ ነኝ። አባቴ በ1981 ዓ.ም. ወደ ሰሜን ዘምቶ ሲቀር እኔ የሦስት ወር ፅንስ ነበርኩ። ሬሳው አልመጣም። በአገራችን ወግ ሬሳው ላልመጣ ሰው ምስል ተሠርቶ ይለቀስለታልና፣ ጎረቤታችን አናጢው አቶ ትዕዛዙ የአባቴን ራስና ትከሻ ከወይራ ግንድ ጠርበው፣ ከፈረስ ወድቆ ቅንድቡ ላይ የቀረችበትን ጠባሳ ሳይቀር አውጥተው ሠሩት። አገሩም ጋቢውን አልብሶት፣ ፈረሱን በባዶ ኮርቻ እየሳበ አለቀሰለት። አባቴ በዕድሜው ፎቶ የተነሳው አንድ ጊዜ፣ ለመታወቂያ ብቻ ነው፤ ያቺም አብራው ቀርታለች። ስለዚህ እኔ የአባቴን መልክ የማውቀው ከዚያ ወይራ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት መሥሪያ ቤትዎ «ለሦስት ወር ኤግዚቢሽን» ብሎ ሲለምናት፣ እናቴ ደብሪቱ ምስሉን በበግ ጠጉር ባና ጠቅልላ ሰጠቻችሁ። ሦስቱ ወር እስካሁን አላለቀም። አሁን ዓይኗን ሞራ እየሸፈነው ነው። ጨርሶ ሳይጨልምባት የባሏን ፊት አንዴ ማየት ፈለገች፤ እግሯ እናንተ ዘንድ ስለማያደርሳት በስልኬ አንስቼ እንዳመጣላት ላከችኝ። ቅሬታዬም ከዚህ ይጀምራል።

አንደኛ፦ «ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው» የሚለውን ማስታወቂያዎን በሚመለከት። የካሜራ ብልጭታ እንጨቱን እንደሚጎዳው ያስረዱኝ እርስዎ ራስዎ ነዎት፤ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። ባለፈው ጥር ግን ከከተማ የመጡ ባለሥልጣናትን አባቴ አጠገብ አሰልፈው፣ የአንዱን ባርኔጣ በአባቴ ራስ ላይ ደፍተው ያነሷቸውን አሥራ አራት ፎቶዎች በፌስቡክ ገጻችሁ አይቻለሁ። የባለሥልጣን ብልጭታ እንጨት እንደማይጎዳ የተረዳሁትም ያኔ ነው። ባርኔጣው ፊቱን እስከ አፍንጫው ስለሸፈነው ከአሥራ አራቱ አንዱም ለእናቴ የሚሆን አልነበረም።

ሁለተኛ፦ ከምስሉ ሥር የለጠፉትን ጽሑፍ በሚመለከት። «የወንድ ምስል፤ የተሠራበት ዘመን፣ ሠሪውና ባለቤቱ የማይታወቅ» ይላል። የአባቴን ስም፣ የሠሪውን ስምና ዓመተ ምሕረቱን ስነግርዎ «እሱ በባለሙያ ይጣራል» አሉኝ። ለቀባሪው አረዱት ማለት ይህ ነው። በጥፊ ሳላጮልዎ ከቢሮዎ መውጣቴ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ሦስተኛ፦ ዱላውን በሚመለከት። አንድ ፎቶ እንዳነሳሁ አቶ አወቀ ከኋላዬ መጥቶ አንጓዬን መታኝ። አጥንቴ እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። ስልኩ ወድቆ ምስሉ የተቀመጠበት ጠረጴዛ ሥር ገባ፤ እኔም ተንበርክኬ ስከተለው፣ እርስዎ በሩ ላይ ቆመው «በላት! ስልኩን ንጠቃት!» ሲሉ ሰማሁ። ዘበኛዎ ታዛዥ ነውና ጭንቅላቴን ለመፈንከት ዱላውን ዳግም አነሳ። ዝቅ ብዬ ሳመልጠው ምቱ ያረፈው አባቴ ላይ ነው። አፍንጫው ከነግራ ጉንጩ ተገንጥሎ ግድግዳው ድረስ ተስፈነጠረ፤ ጠባሳ ያለበት ቅንድቡም ለሁለት ተሰነጠቀ። ሠላሳ አምስት ዓመት ብል ያልደፈረውን፣ የቤታችን ጭስ ያላጠፋውን ፊት፣ ከፎቶ ለማዳን ብላችሁ በአንድ ምት አጠፋችሁት። ቅርስ ጥበቃ እንዲህ ነው እንጂ! እኔም በበኩሌ የአቶ አወቀን ባት ነክሼ ይዤ ነበር፤ ሦስት ሰው ተረባርቦ ነው ያላቀቀኝ። ስለ ንክሻው ይቅርታ አልጠይቅም፤ የሚቆጨኝ ቶሎ መልቀቄ ነው።

አራተኛ፦ ከሦስት ቀን በኋላ ማኅተም አርፎበት የደረሰኝን ደብዳቤዎን በሚመለከት። በቅርሱ ላይ ከባድ ጉዳት አድርሰሻል፣ ያነሳሽውን ፎቶ ካጠፋሽ ግን ክሱ ይነሳልሻል ይላል። ስለ ቸርነትዎ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስልኬ ፊቱ ቢሰነጠቅም ፎቶዋ አለች። አባቴ ዱላችሁ እስኪያርፍበት ድረስ ሙሉ አፍንጫ፣ ሙሉ ጉንጭ እንደነበረው የምትመሰክረው እሷ ብቻ ስለሆነች፣ ለምን እንደፈሯት ይገባኛል። አላጠፋኋትም፤ ቀሪውንም አንጓዬን ቢሰብሩት አላጠፋትም።

ፎቶዋን ለእናቴ አሳየኋት። ስልኩን ዓይኗ ላይ ልትለጥፈው ምንም ሳይቀራት ብዙ ቆየች፤ ከዚያ «እሱ አሁንም ልጅ ነው፤ እኔ ብቻ አረጀሁ» አለች። በጨርቅ የታሰረ እጄን አይታ ምን እንደሆንኩ ስትጠይቀኝ መዋሸት አልቻልኩም፤ ሁሉንም ነገርኳት። አላለቀሰችም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰችና «የፊተኛውን ገዳይ አላውቀውም ነበር፤ የአሁኑን ግን አውቀዋለሁ» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን የለቅሶ ቤት ነው፤ ጎረቤትም እየመጣ እግዜር ያጥናሽ ይላታል።

ከዚህ በላይ ጊዜዎን አልሻማም። ማኅተምዎ አይድረቅ፣ የዘበኛዎም ክንድ አይዛል፣ የሚጠብቁልንም ቅርስ አንድ ሳይቀር እስኪያልቅ ዕድሜ ይስጥዎ እያልኩ፣ በተሰበረ እጅ ሊሰጥ የሚችለውን ታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ።

ባለቤቱ የማይታወቀው ምስል ልጅ፣
ፀደንያ ወዳጆ
ከዘመሮ

ሳልነግርዎ ብቀር ነውር የሚሆንብኝ፦ የፊታችን ቅዳሜ እናቴን በበቅሎ አምጥተን ከቤተ መዘክሩ በር ላይ ድንኳን እንጥላለን፤ የገበያው ሰው በሙሉ ለለቅሶ ተጠርቷል። የእኛ አገር ሙሾ የሟችን ስም ጠርቶ የገዳዩን ሳይጠራ አያልፍም፤ እንዲህ የተጠራ ስምም ለልጅ ልጅ ይተርፋል። አልቃሿ ወይዘሮ ጌታነሽ ግጥሙን ለማዘጋጀት ትናንት ቤታችን መጥተው የገዳዩን ስም ጠየቁ። እኔ «አወቀ» ልል አፌን ስከፍት፣ እናቴ በእጇ ዝም አሰኘችኝና የእርስዎን ስም ከነአባትዎ ነገረቻቸው።