ኤልዳና ተብሎ ይጻፍ

እህቴ አልጣሽ፣

የልጄን መርዶ ባረዳችሁኝ ዕለት «ሥራዋ አይሞትም» ብለሽኝ ነበር፤ እውነትሽን ነው። ትናንት ዴንቨር፣ ትሠራበት የነበረው ቢሮ ወሰዱኝ። ስለ ሕፃናት ንባብ አሥራ አንድ ጥናት አሳትማለች። የሥራ ባልደረባዋ ክፍሎም፣ «እማማ፣ ሌሎች ተመራማሪዎች ሁለት መቶ አርባ ጊዜ ጠቅሰዋታል፤ ይኸው ዘንድሮም ይጠቅሷታል» አለኝ። በተጠቀሰችበት ሁሉ ግን የተጻፈው «በድሉ» ነው፣ የአባቷ ስም! የፈረንጅ ደንብ ነው አሉ። እኛ ዘንድ ሰው የሚጠራው በራሱ ስም ነው። «በድሉ መቼ ብዕር ጨብጦ ያውቃል?» ስለው ክፍሎም እንባው እየወረደ ሳቀ። ጥናቶቿን ሰብስበው የመታሰቢያ መጽሐፍ ሊያሳትሙላት ነው። ሽፋኑ ላይ «ኤልዳና» ተብሎ ካልተጻፈ ካረፍኩበት ከኦሮራ ከተማ አልነቃነቅም ብያለሁ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። ጎረቤቶቼን ሁሉ ሳሚልኝ። ቤተ ክርስቲያን ስትሳለሙ በክርስትና ስሟ፣ ወለተ ሐና ብላችሁ፣ ነፍስ ይማር በሉልኝ።