ሚሚ ያልደረሰችባት ደሴት

ሚሚዬ፣

ቀዩን ጃኬትሽን ለብሼዋለሁ፤ እንዳትቆጪ። ትከሻው ይጠበኛል፣ እጅጌውም ያጥረኛል፤ ነፋስ አያስገባም ያልሽው ግን እውነት ነው። የዋጋው ወረቀት ገና እንደተንጠለጠለ ነበር። እኔ ቆረጥኩት።

ከተለየሽን ሰባት ወር ሆነ። ስትሄጂ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ ያሉት ዛፎች ቅጠላቸውን እያራገፉ ነበር፤ አሁን ደግሞ አዲስ ቅጠል አውጥተዋል። ባቡሩ ዛሬም ደወሉን እየደወለ በመስኮታችን ስር ያልፋል። እማዬ ማንም ያልተኛበትን አንሶላሽን ቅዳሜ ቅዳሜ አጥባ መልሳ ታነጥፈዋለች። ጥቁሯንም አላወለቀችም። አዛውንቶቹን በምትንከባከብበት ቤት ሰማያዊ ዩኒፎርም ግዴታ ስለሆነ ጥቁሩን ከስር ትለብሰዋለች።

ማታ ሠርተሽ ጠዋት ስትመለሺ የነርስ ልብስሽን እንኳ ሳታወልቂ ማሞቂያውን ተደግፈሽ ላፕቶፕሽን ትከፍቺ ነበር። አይስላንድን ታሳዪኝ ነበር፤ ጥቁሩን አሸዋ፣ ከበረዶ ስር የሚወጣውን እሳት። አንቺ የሚኒሶታን ብርድ እንኳ የማትችይ ሰው በረዶ አገር ምን ልታደርጊ ነው ስልሽ፣ «እሳት አለው'ኮ አንተ» አልሽኝ። ከዚያ እዚያው ማሞቂያው ስር እንቅልፍ ይወስድሻል፤ እኔ ላፕቶፑን ዘግቼ ወደ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። ያን ቀን ጠዋትም ራሴን አመመኝ ብለሽ ጋደም ስትይ፣ እንደ ሌላው ቀን መስሎኝ ነው ትቼሽ የሄድኩት።

አንድ የማታውቂው ነገር አለ። አያታችን እምዬ መሞትሽ አልተነገራትም ነበር። አጎታችን ከአዲስ አበባ ደውሎ፣ እናቴ ልቧ ደካማ ነው፣ ደግሞም መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ከእናንተ አንዱ መጥቶ እስኪነግራት ዝም በሉ አለን። እማዬ የሥራ ፈቃዷን ለቀብርሽና ለሐዘኑ ጨርሳው ነበር። መሄድ አልቻለችም። ስለዚህ ዝም አልን።

እምዬን ታውቂያታለሽ፤ ሁለታችንንም በእጇ ያሳደገች ሴት በዝምታ አትታለልም። በየእሁዱ እየደወለች ሚሚን አቅርቡልኝ ትላለች። መጀመሪያ ሥራ በዝቶባት ነው አልናት። ቀጥሎ ስልኳ ተበላሽቶ ነው አልን። በኋላ መልሱን ራሷ ሰጠችን። ለካ ስለ ደሴቲቱ ነግረሻት ነበር። «ያ እሳት ያለበት በረዶ አገር ሄደች እንዴ?» ብላ ጠየቀች፤ እማዬ «አዎ፣ ለሥራ ሄዳ ነው፤ እዚያ ኔትወርክ የለም» አለች።

ከዚያ በኋላ ተራው የእኔ ሆነ። እምዬ፣ እህትህ ምን አየች ትለኛለች፤ እኔ ላፕቶፕሽ ላይ ያየሁትን ሁሉ አንቺ እንዳየሽው አድርጌ እነግራታለሁ። ሚሚ ፏፏቴ አየች። ሚሚ ከበረዶው ላይ ቁራጭ ሰብራ ቀመሰች። እምዬ ትስቃለች። እማዬ ወጥ ቤት ገብታ ውሃውን ትከፍተዋለች፣ እንዳይሰማት።

ትምህርት ለሚዘጋበት ለስፕሪንግ ብሬኬ ብለሽ ለሦስታችን የቆረጥሽው ቲኬት እንዳለ ነበር። ታች የምትኖረው ጎረቤታችን እትዬ ሰናይት ሰምታ፣ ልጇን ቀብራ ሽርሽር ሄደች ቢሉሽስ አለቻት እማዬን። እማዬም የመሄድ ልብ አልነበራትም። አንድ እሁድ ግን ከእምዬ ጋር አውርተን ስንጨርስ ስልኩን እንደያዘች ብዙ ቆየች። ከዚያ እንሂድ አለች። ቢያንስ አንዳችን እዚያ እንቁም፤ ለእናቴ ያልኳት ሁሉ ውሸት አይሁን አለች።

አውሮፕላኑ ላይ መካከለኛው ወንበር ያንቺ ነበር። አስተናጋጇ ሌላ ሰው ልታስቀምጥበት ስትጠይቅ እማዬ በእንግሊዝኛ የልጄ ነው አለቻት። ልጅሽ የት አለች አላለችም። እማዬ ነጠላዋን አጣጥፋ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው፤ እስክንወርድ አልነካነውም።

አገሩ ፎቶው ላይ ያበራል። እኛ ስንደርስ ሰማዩ ወርዶ መሬቱን ሊነካ ምንም አልቀረውም ነበር። ከኤርፖርቱ ጀምሮ ግራና ቀኙ ቀልጦ የፈሰሰ ድንጋይ ነው፤ የታረሰ ማሳ በአንድ ሌሊት ወደ ድንጋይ የተለወጠ ይመስላል። ላዩ ላይ የድንጋይ ሽበት ብቻ በቅሏል። ዛፍ የለም። እማዬ ለረጅም ሰዓት በመስኮቱ ስታይ ቆይታ፣ እዚህ ሰው ሲሞት የት ይቀብሩታል አለችኝ።

መኪና ተከራይተሽ የምትነጂው አንቺ ነበርሽ። እኔ ዕድሜዬ አልደረሰም፤ እማዬ ደግሞ በዚያ ነፋስ ድራይቭ አላደርግም አለች። ስለዚህ ከሌሎች ሰዎች ጋር በትንሽ አውቶቡስ ዞርን። ሾፌሩ ጺማም ሽማግሌ ነው። የእማዬን ልብስ አይቶ ምንም ሳይጠይቅ ከጎኑ ያለውን ወንበር ሰጣት፤ በየቀኑ ለሷ ያዘላት።

ጥቁሩ አሸዋ ጋ ስንደርስ ጀርባችሁን ለባሕሩ አትስጡ፣ ማዕበሉ ሳታስቡት መጥቶ ይወስዳል ብሎ አስጠነቀቀን። ገደሉ ተጠርቦ እንደተደረደረ ምሰሶ ነው፤ ማንም ግን አልጠረበውም። ሰው ሁሉ ፎቶ ሲነሳ እማዬ ፊቷን ወደ ባሕሩ አድርጋ ቆመች። ልብሷና አሸዋው አንድ ሆነው ከሩቅ ፊቷ ብቻ ነበር የሚታየኝ። ሮጬ ሄጄ ክንዷን ያዝኩ። ምን ሆንክ አለችኝ፤ ምንም አልኳት።

በማግስቱ አንድ ሐይቅ ዳር ወሰደን። እዚያ ዳቦ በድስት አድርገው ፍል መሬት ውስጥ ይቀብሩትና እስኪበስል ይተዉታል። ሾፌሩ በአካፋ ቆፍሮ ሲያወጣው ሰዉ አጨበጨበ። እማዬ ፊቷን አዞረች። የአካፋውን ድምፅ እኔም አልወደድኩትም። ጾም ስለነበር ወተት አለበት ወይ ብላ አስጠየቀችኝ፤ አለበት። ድርሻዋን ለእኔ ሰጠችኝ። ጣፋጭ ነው ሚሚ፣ ትወጂው ነበር።

እሳቱን አላየነውም። እኛ ከመድረሳችን በፊት መፍሰሱን አቁሟል። ከሩቅ የሚጨስ ጥቁር ድንጋይ ብቻ አሳዩን፤ ሾፌሩም ላዩ ቢደርቅም ውስጡ ለዓመታት እንደጋለ ይቆያል አለ። እማዬ እንግሊዝኛውን ሰምታዋለች፤ ግን በአማርኛ ድገምልኝ አለችኝ። ስደግምላት፣ እንደገና በለው አለች።

እሁድ ዕለት እንፋሎት የሚወጣበት ሜዳ ላይ ነበርን። መሬቱ ቢጫና ቀይ ነው፤ ጭቃው እንደ ሽሮ ይንተከተካል፣ ሽታው የተበላሸ እንቁላል ነው። እማዬ አፍንጫዋን ይዛ፣ ልጄ ይህን ሁሉ ዶላር የከፈለችው ለዚህ ሽታ ነው፣ ፍልውሃ በታክሲ ሂሳብ ትደርስ አልነበር እንዴ አለች። ከሞትሽ ወዲህ ስትቀልድ ስሰማት የመጀመሪያዋ ነበር። መሳቅ ስንጀምር ስልኩ ጮኸ።

እምዬ ነፋሱን ሰምታ የት ናችሁ አለች። እማዬ ስልኩን ሰጠችኝ። ሚሚ ያለችበት መጥተናል አልኳት። ደስታዋን ብታዪ። እሷስ የት አለች አለችኝ። ምን ልበል? እዚያ ታች ጭሱን እያየች ነው አልኩ።

«ኧረ ራቅ በይ በላት! ድሮም ከእሳት ዳር አትጠፋም። ጥራት፣ እየሰማሁ ጥራት።»

ወደ እንፋሎቱ ዞርኩና «ሚሚ! ራቅ በይ!» ብዬ ጮኽኩ።

ከቀብርሽ ወዲህ ስምሽን ጮክ ብሎ የጠራ ሰው አልነበረም፤ ቤት ውስጥ እርስ በርሳችን በሹክሹክታ ነው የምናነሳሽ። ሁለተኛ ልጠራሽ ስል ድምፄ ተሰበረ። ከአውቶቡሱ የወረዱት ሰዎች ዞረው የምጠራውን ሰው ይፈልጉ ጀመር። እማዬ የእንጨቱ መተላለፊያ ላይ ዝርፍጥ ብላ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። እምዬ፣ በሉ ግቡ፣ ብርዱ እንዳይመታችሁ አለችና ዘጋች።

ከዚያ በኋላ በነበሩት እሁዶች ሚሚን አቅርቡልኝ አላለችም። ምን አየች ብቻ ትለኝ ነበር። እኔም እነግራት ነበር።

ከፋሲካ በኋላ እማዬ ፈቃድ አግኝታ ወደ አዲስ አበባ ሄደች። እኔ ትምህርት ስላልተዘጋ ቀረሁ። እትዬ ሰናይት ጋ ሰነበትኩ። ትናንት፣ አጎታችንና ዘመዶቻችን ጎህ ሲቀድ ተሰብስበው ለእምዬ እንደሚነግሯት ሳውቅ፣ ቤታችን ልደር ብዬ ወደ ላይ ወጣሁ። እትዬ ሰናይት ብቻህን እንዴት ብላ ተቆጣች፤ ኋላ ግን ብርድ ልብስ ሰጠችኝ።

ሚሚዬ፣ ሌሎች አንረሳሽም ይላሉ። እኔ የምችለውን ልንገርሽ። ከእንግዲህ ስምሽን በሹክሹክታ አላነሳም። ሰው እህት አለህ ወይ ሲለኝ ስምሽን ጮክ ብዬ እናገራለሁ። እሳቱ እንደገና ሲፈስ ደግሞ፣ መኪና የምከራይበት ዕድሜ ላይ ስደርስ፣ እማዬን ይዣት እሄዳለሁ። ጃኬትሽ ያን ጊዜ ባይበቃኝም ይዤው እሄዳለሁ።

ዛሬ ጠዋት፣ ለብቻዬ በነቃሁበት በመጀመሪያው ጠዋት፣ ጫማዬን ሳስር ስልኩ ጮኸ። እማዬ መስላኝ ነበር፤ እምዬ ናት። ድምፅዋ በለቅሶ ተዘግቷል። ከኋላዋ ለቀስተኛው ይሰማል። ይቅርታ ልላት ስጀምር አቋረጠችኝ።

«ያን ቀን ስትጠራት ነው ያወቅሁት» አለች። «በሕይወት ያለ ሰው እንደዚያ አይጠራም፣ ልጄ።»

ታዲያ ለምን ዝም አልሽ አልኳት። እናትህ በስልክ ልትነግረኝ አልቻለችም፣ መጥታ እስክታወጣው ልጠብቃት ብዬ ነው አለችኝ። ከዚያ፣ ሚሚ አየች እያልክ የነገርከኝን ሰምቻለሁ፣ አሁን አንተ ያየኸውን ንገረኝ አለች።

የትምህርት ቤት ሰዓት አልፎ ነበር። ጃኬትሽን እንደለበስኩ አልጋሽ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፤ እማዬ ያነጠፈችው አንሶላ ተጨማደደ። ከባዶው ወንበር ጀመርኩላት። ድንጋዩን፣ አሸዋውን፣ ከመሬት የወጣውን ዳቦ ነገርኳት። እንፋሎቱ ጋ ደረስኩ። ባቡሩ ደወሉን እየደወለ በመስኮቱ ስር አለፈ። «እሺ» አለች እምዬ፣ «ከዚያስ?» እኔም ቀጠልኩ።